ለድርጭት ጫጩት የመጀመሪያውን መኖ እንዴት እንመርጣለን? ጅማ ላይ ለሚጀምሩ

ጅማ ውስጥ መኖ ሱቅ ገብተው «የድርጭት ጫጩት መኖ አለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባለሱቁ የዶሮውን ስታርተር (የጫጩት መነሻ መኖ) ሊያወጣልዎት ይችላል። አይፍረዱበት፤ ለድርጭት ተብሎ የተዘጋጀ መኖ እንደ ልብ አይገኝም። የእርስዎ ሥራ ለዶሮ ከተዘጋጁት መካከል የሚሆነውን መለየትና ትንሽ ማስተካከል ነው።

ከእንቁላሉ የወጣ የድርጭት ጫጩት ከ6 እስከ 8 ግራም ቢመዝን ነው። የዶሮው ጫጩት ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ይህች ሚጢጢ ፍጥረት ግን በ6 ወይም በ7 ሳምንቷ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። አፏ ትንሽ፣ እድገቷ ጥድፊያ ስለሆነ መኖዋ ደቃቅና በፕሮቲን የከበደ መሆን አለበት።

1. መጀመሪያ መጠኑን ያስሉ

አንድ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚበላው 200 ግራም ገደማ ነው። ለ50 ጫጩት 10 ኪሎ ይበቃል ማለት ነው። ይህን አስቀድመው ካወቁ ሁለት ነገር ያተርፋሉ። አንደኛ፣ 50 ኪሎ ከረጢት ገዝተው ቤት ውስጥ አያሻግቱም። ሁለተኛ፣ ለ10 ኪሎ መኖ ርካሹን ፍለጋ አይንከራተቱም፤ የዋጋው ልዩነት ከሚሞቱት ጫጩቶች ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እንደኔ እንደኔ በዚህ ዕድሜ በቆሎና ፍሩሽካ ቀላቅሎ ቤት ውስጥ መኖ ለማዘጋጀት መሞከርም አያዋጣም። ቫይታሚኑና ማዕድኑ ከየት ይመጣል?

2. ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ

በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥልዎት ከሆነ «ከረጢቱን አሳየኝ» ይበሉ። የሚፈልጉት ቁጥር ፕሮቲኑ ነው፤ ለድርጭት ጫጩት ቢያንስ 24 በመቶ ያስፈልጋል፣ እስከ 27 ቢደርስም ጥሩ ነው። የእንቁላል ዶሮ ጫጩት ስታርተር ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ያንሳል። የሥጋ ዶሮ ስታርተር ከ21 እስከ 23 ስለሚይዝ ይቀርባል። የተርኪ ስታርተር ካገኙማ ሌላ አይፈልጉ።

ቀጥሎ ካልሲየሙን ይዩ። ለጫጩት ከ0.8 እስከ 1 በመቶ ይበቃል። እንቁላል ለምትጥል ዶሮ የሚዘጋጀው «ሌየር» ግን ከ3.5 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ያ ሁሉ ካልሲየም የጫጩትን ኩላሊት ይጎዳል። ሱቁ ውስጥ የቀረው ሌየር ብቻ ቢሆን እንኳ አይግዙ።

3. የጎደለውን ፕሮቲን በአኩሪ አተር ይሙሉ

የሥጋ ዶሮ ስታርተሩ 22 በመቶ ከሆነ ወደ 24 ማድረስ ከባድ አይደለም። አኩሪ አተር በጅማ ዙሪያም ይመረታል። ተቆልቶ የተፈጨው በግምት 37 በመቶ ፕሮቲን አለው። 8.7 ኪሎ ስታርተር ከ1.3 ኪሎ የአኩሪ አተር ዱቄት ጋር ቢቀላቅሉ 10 ኪሎ የ24 በመቶ መኖ ይወጣልዎታል። ከዚህ በላይ አይጨምሩ፤ ፕሮቲኑ ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን እየሳሳ ይሄዳል። 20 በመቶ ከሆነው ስታርተር መነሳት የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሩብ ብዙም የማያንስ አኩሪ አተር ይጠይቃል።

መቆላቱን ቸል እንዳይሉት። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው፤ የሚያከሽፈው ሙቀት ነው። ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው፣ ሳያሳርሩ፣ እያማሰሉ ይቁሉት።

የኑግ ፋጉሎስ? ለከብት ግሩም ነው፤ ለድርጭት ጫጩት ግን አሰሩ ይበዛበታል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ደግሞ ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለው ጭራሽ አይታሰብም። ተቀቅሎ የደቀቀ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ቢሰጧቸው ይወዱታል። የተረፈውን ግን ሳይውል ያንሱት፤ በማሞቂያው ሥር ቶሎ ይበላሻል።

4. ይውቀጡ፣ ይንፉ

ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀው ፍርፋሪ ለድርጭት ይተልቃል። በሙቀጫ ቀለል አድርገው ይውቀጡትና በወንፊት ይንፉት። በመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ቅንጣት ከጤፍ ፍሬ ብዙም ባይበልጥ ጥሩ ነው። እንደ ዱቄት አልሞ መፍጨትም አይበጅም፤ ምንቃራቸው ላይ ይለጠፋል፣ አፍንጫቸውን ይደፍናል።

5. ሻጋታን ይጠርጥሩ

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ እርጥበቱም መኖን ይበላል። ሱቅ ውስጥ እጅዎን ከረጢቱ ውስጥ ይስደዱ፤ መኖው ከጓጎለ፣ ከሞቀ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ይተዉት። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በፀሐይ ስለተሰጣ ወይም ስለተቆላ አይጠፋም። «አድርቄ እሰጣቸዋለሁ» የሚለው ብልሃት አይሠራም። የገዙትን ክዳን ባለው ባልዲ አድርገው ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

6. እንዲበሉት ያድርጉ

ጥሩ መኖ ገዝተው ጫጩቱ ካላገኘው ዋጋ የለውም። በመጀመሪያው ቀን መኖውን ሻካራ ጨርቅ ላይ ይበትኑላቸው፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ክዳን ላይ ያቅርቡ። ቀን ከሌት ከፊታቸው አይጥፋ። ውኃውን ጥልቀት በሌለው ዕቃ ሰጥተው ንጹህ ጠጠር ይጨምሩበት፤ ያለዚያ ገብተው ይሰጥማሉ። ማሞቂያው ሥር ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይሁን፤ የበረደው ጫጩት ተጠጋግቶ ይተኛል እንጂ አይበላም።

አንድ የጅማ ነገር ላንሳ። የቡና ገለፈት በየቦታው ስለሚገኝ ለጉዝጓዝ ያጓጓል። መልቀም የሚማር ጫጩት ግን ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ገለፈቱ ደግሞ ካፌይንና ታኒን አለው። ቢያንስ መኖውን ከጉዝጓዙ ለይተው እስኪያውቁ ድረስ ጨርቅ ይሻላል።

7. ማታ ማታ ይፈትሹ

ጥቂቶቹን አንስተው ከአንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣትዎ ይንኩ። ሞላ ብሎ ለስለስ ካለ በልተዋል። ላባ መነቃቀል ወይም የእድገት መበላለጥ ካዩ ፕሮቲኑን ዳግም ያስሉ፤ መጨናነቅም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው ቦታውንም ይዩ። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ግን ጉዳዩ ከመኖ በላይ ነው፤ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላልና ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። የከረጢቱን ጽሑፍም ይዘው ይሂዱ፤ መኖው ውስጥ አስቀድሞ መድኃኒት ተቀላቅሎ ከሆነ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መውቀጡ ይቀራል፤ ያንኑ የሥጋ ዶሮ ስታርተር እንዳለ መስጠት ይችላሉ። በ6 ሳምንት ገደማ፣ የመጀመሪያዋ እንቁላል ስትታይ፣ ካልሲየም ወዳለው የእንቁላል መኖ ይሻገሩ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ለአራት አምስት ቀን አሮጌውን ከአዲሱ እየቀላቀሉ።