ካደጉ በኋላ ኦቲስቲክ መሆንን ማወቅ፤ ከየት ይጀመራል?

ኦቲዝም አንጎል ድምፅን፣ ሽታን፣ ከሰው ጋር መግባባትን ለየት ባለ መንገድ የሚያስተናግድበት፣ አብሮ የሚወለድ ተፈጥሮ ነው። እኔም ይኖርብኝ ይሆን ብላችሁ ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ማለቴ ነው። ማታ ማታ ሁለት ነገር ጻፉ፤ ምን አደከመኝ? ምን አሳረፈኝ? የእኔ ደብተር ላይ ድካሙ "ሚኒባስ፣ ሬዲዮ፣ የረዳቱ ጩኸት፣ ሽቶ" ይላል። እረፍቱ ደግሞ "የወር ሂሳብ መዝጋት"። መሥሪያ ቤት ያሉት ሁሉ የሚያማርሩበትን ሥራ!

ቀጥሎ እናታችሁን ጠይቁ። "ኦቲዝም ነበረብኝ ወይ?" አትበሉ፤ ትደነግጣለች። ምን አልበላም እል ነበር? የትኛው ልብስ ያስለቅሰኝ ነበር? ብቻዬን ምን እጫወት ነበር? የእኔዋ "ቆርኪ በቀለም በቀለሙ ስትደረድሪ ትውያለሽ፣ ድምፅሽ አይሰማም" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ማውራቴንም ሰው ሁሉ ጨዋነት ነው ይል ነበር፤ ማን ይጠርጥር? መልሷን ጻፉት፤ ሐኪምም የልጅነት ታሪክ መጠየቁ አይቀርም።

የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት አዋቂ ሰው የኦቲዝም ጠባይ ምን ያህል እንዳለው የሚያሳይ፣ 50 ጥያቄ ያለው ኤኪው (AQ) የሚባል መጠይቅ አለ። ጥቆማ ይሰጣል እንጂ ምርመራ አይደለም። ድግስ ይሻልሃል ወይስ ቤተ መጻሕፍት የሚል ዓይነት ጥያቄ አለው። እኛ አገር ሰርግ መቅረት የት አለና! ስለዚህ የምታደርጉትን ሳይሆን ደስ የሚላችሁን መልሱ።

ወገን ፍለጋው ይከብዳል። አዲስ አበባ ያሉት የኦቲዝም ማዕከላት፣ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት የኒያ ፋውንዴሽኑ ጆይ፣ እነ ነህምያ፣ በዋናነት ለልጆች ናቸው። ቢሆንም ወላጆቹን ተዋወቁ። ልጁ ሲመረመር ራሱን የሚያይ ወላጅ ብዙ ነው።

ሰፈር ውስጥስ? እኔ የምመክረው ሥራ መያዝ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ወሬ መጠበቅ ለእኔ አይሆንም። የእድሩን የዕቃ መዝገብ ያዝኩ። ስንት ብረት ድስት ወጣ፣ ስንት ወንበር ተመለሰ፣ የማን ትሪ ተቀላቀለ። የሚያናግረኝ ሰው ስለ ትሪ ነው የሚያናግረኝ፤ እሱን ደግሞ እችላለሁ። ሲበዛብኝ "ዕቃ ልቁጠር" ብዬ ጓዳ እገባለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም።

ኦቲዝም የሚለውን ለሁሉም መንገር የለባችሁም። የሚያስፈልጋችሁን ንገሩ። "አትደውሉልኝ፣ ቴሌግራም ላይ ጻፉልኝ" ማለት ይበቃል። የእድራችን ሰብሳቢ እንኳ አሁን የሚጽፉልኝ በቴሌግራም ነው፤ ያውም ነጥብ በነጥብ።