የተወጠረ ገመድ በቀላሉ እንዲፈታ

ጀልባ ወይም የድንኳን ገመድ ስታስሩ ቋጠሮው ተወጥሮ አልፈታ ይላችኋል? ከመቋጠራችሁ በፊት ገመዱን ምሰሶው ላይ ሙሉ ሁለት ዙር ጠምጥሙት። ከዚያ ጫፉን በተወጠረው ገመድ ዙሪያ አዙሩና በራሱ ስር አሹልካችሁ ሳቡት፣ በዚያው አቅጣጫ አንዴ ድገሙት፣ አለቀ። ጉተታውን የሚሸከመው ጥምጥሙ ነው፤ ገመዱና ምሰሶው ሲፋተጉ አብዛኛው ኃይል እዚያው ስለሚያዝ ቋጠሮው ላይ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ለዚህም ነው ጀልባዋ እየጎተተች እንኳ የሚፈታው፣ ከዚያ ጥምጥሙን ቀስ እያላችሁ ታላላላችሁ (ጣታችሁን ብቻ ከዙሩ አርቁ)። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ ለጀማሪ የማሳየው ይህንን ነው። የሚያንሸራትት ናይለን ከሆነ ግን ሦስተኛ ቋጠሮ ጨምሩበት፣ ጫፉንም ረዘም አድርጋችሁ ተዉት። ሰው ለሚንጠለጠልበት ገመድ ደግሞ በፍጹም አትጠቀሙበት።