የበር መጋረጃ ከመስቀላችሁ በፊት ግድግዳችሁን እወቁ

ጎንደር ውስጥ ቀን በር ዘግቶ መቀመጥ ብዙም አልተለመደም። ጎረቤት ይገባል፣ ልጅ ይወጣል፣ ቡና ሲፈላማ በሩ ወለል ብሎ ነው የሚከፈተው። አቧራውን፣ ዝንቡንና የአላፊ አግዳሚውን ዓይን የሚመልሰው መጋረጃው ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ብለን እናቴ ቤት የሳሎኑን በር መጋረጃ ሰቀልኩ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ በሲሚንቶ ስለተለሰነ ግን ብሎኬት ይመስላል። ፊሸር (ቪስ እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ፕላስቲክ) ከትቼ በቪስ አሰርኩት፤ ብጎትተው አልነቃነቅ አለ። ጥር 10 ለከተራ ልንወጣ ስንል የአክስቴ ልጅ ጨርቁን ይዛ ስትሽከረከር ዘንጉ ከነልስኑ ወረደ። እንጎቻ የሚያህል ልስን ትከሻዋን ስቶ መሬት ላይ ተፈረካከሰ። ልጅቱ አልተጎዳችም፤ እኔ ግን ያን ድምፅ አልረሳውም። ስለ ግድግዳው አብዝቼ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ልኬቱ። ዘንጉ ከበሩ በግራም በቀኝም 15 ሳንቲ ሜትር ይለፍ። በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ዘንግ ትገዛላችሁ ማለት ነው። ጨርቁ የበሩን ስፋት አንድ ተኩል ወይም እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ ሽንሽን አይኖረውም፣ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ይቀራል። ከቅዳሜ ገበያ የገዛችሁት ጨርቅ ጥጥ ከሆነ ሳይሰፋ እጠቡት፤ ጥጥ ሲታጠብ ያጥራል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ መጋረጃው በውጭ በኩል ይሁን፤ አለዚያ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጨርቁን ይዞት ይሄዳል። በረንዳ ከሌላችሁ ክረምት ሲገባ ታወርዱታላችሁ።

ሽቦ ወይስ ዘንግ ለሚለው፣ ሁለት መንጠቆ ላይ የሚወጠረው ስፕሪንግ ሽቦ ርካሽ ነው፤ ለስስ ዳንቴል ይበቃል። ወፈር ላለ ጨርቅ ግን አልመክርም፣ መሀሉ ይረግባል። የብረት ዘንግ ግዙ።

አሁን ወደ ግድግዳው። የማብሪያ ማጥፊያው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከማብሪያው ትክክል በላይ አትብሱ፤ ሥራ ስትጀምሩም መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ከዚያ በ4 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) አንድ ትንሽ ቀዳዳ በቀስታ ብሱና ከሥሩ ነጭ ወረቀት ያዙ። የግድግዳውን ማንነት የሚነግራችሁ ወረቀቱ ላይ የሚወርደው ዱቄት ነው። መጀመሪያ የሚወርደው የቀለምና የልስን ነው፤ እሱን እለፉት። ቀጥሎ ግራጫ ደቃቅ ዱቄት ከመጣና ፑንታው በዝግታ ከገባ ኮንክሪት ነው። ግራጫ ሆኖ ፑንታው በድንገት ዘው ካለ የብሎኬት ባዶ ሆድ ነው። ቡናማ አፈር ከጭድ ጋር ከወረደ ጭቃ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ ካያችሁ ደግሞ ቋሚውን ወይም ማገሩን አግኝታችኋል።

ጭቃ ላይ ፊሸር አትክተቱ። የእኔ ስህተት ይኸው ነበር፤ ፊሸሩ የያዘው ልስኑን ብቻ ነው፣ ልስኑ ደግሞ ከጭቃው ጋር ብዙም አልተጣበቀም። መድኃኒቱ እንጨት ነው። በጭቃ ቤት የበሩ መቃን የሚታሰረው ከግራና ከቀኝ ባሉት ቋሚዎች ላይ ስለሆነ ከመቃኑ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ብላችሁ በቀጭን ሚስማር ፈልጓቸው። ሚስማሩ ጭቃ ውስጥ ሰተት ይላል፤ እንጨት ሲያገኝ ይገታል፣ የመዶሻውም ድምፅ ይለወጣል። ሁለቱን ቋሚዎች ካገኛችሁ በኋላ ከበሩ በላይ አንድ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) አጋድማችሁ በረጅም ቪስ ከሁለቱም ጋር እሰሩት። ቪሱ ልስኑንና ጭቃውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። የዘንጉን መያዣ ሞራሌው ላይ ትመታላችሁ። በግድግዳው ቀለም ከተቀባ ማንም ልብ አይለውም።

ብሎኬት ቤት ቀላል ነው፤ ከበሩ በላይ ብዙውን ጊዜ ኮንክሪት አለና እዚያው በ6 ወይም በ8 ፑንታ ብሱ። ፊሸሩ በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ ይግባ፤ በጣት ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል። ፑንታው ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት (ፌሮ) ካገኘ አትታገሉ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሸሽታችሁ ሌላ ብሱ። ፒያሳ አካባቢ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደር በነበረበት ጊዜ ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች ባንዱ የምትኖሩ ከሆነ ድንጋዩን ራሱን ብሱ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ግን በድንጋዮቹ መሀል ያለው ሙሌት እየተፈረፈረ ፊሸር አይዝም።

ሁለቱን መያዣዎች በውሃ ልክ አስተካክሉ። አንዱ ጎን ትንሽ ዝቅ ካለ ቀለበቶቹ ወደዚያው ይሰበሰባሉ።

የታችኛውን ጫፍ ወዲያው አታሰፉት። ጨርቁ በራሱ ክብደት ስለሚረዝም በመርፌ ቁልፍ አጥፋችሁ አንድ ሳምንት ይሰቀል፤ ከዚያ ለጓዳ በር ከወለሉ 2፣ ለውጭ በር 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አሰፉት።