ሙቀቱን ብቻ አትዩ

ሰደድ እሳት የሚያሰጋበትን ቀን ለመለየት ሙቀቱን ማየት ብቻ አይበቃም። የስልካችሁን የአየር ትንበያ ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ፦ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 በመቶ በታች፣ ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ። ሦስቱ ከተገጣጠሙ ቀልድ የለም። እርግጥ ግምት ነው፤ ግን ለማስታወስ ይቀላል።

እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነፋሱ ነው። ፍሙን አንስቶ ማዶ ይጥለዋል።

እንዲህ ባለ ቀን ቆሻሻ ማቃጠሉ ይቅርባችሁ። መኪናም ደረቅ ሣር ላይ አታቁሙ። የጭስ ማውጫው ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሣር ለማቀጣጠል የሚበቃ ግለት ይኖረዋል። ብየዳ ወይም በማሽን ሣር ማጨድ ካለባችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት። የግድ ከሆነ በማለዳ ጨርሱት፤ እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ የሚያሽቆለቁለው ከሰዓት በኋላ ነው።