ኤምሲዩቡትን ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤምሲዩቡት ለ32 ቢት ማይክሮኮንትሮለሮች የተሠራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ቡትሎደር (ከሌላው ሶፍትዌር ቀድሞ የሚሠራ ማስነሻ ፕሮግራም) ሲሆን፣ ዋና ሥራው መሣሪያው ሲነሣ የፈርምዌሩን (የመሣሪያውን ዋና ሶፍትዌር) ዲጂታል ፊርማ መርምሮ ትክክለኛውን ብቻ ማስነሣት ነው። በአርኤስኤም ሆነ በኢሲዲኤስኤ የፊርማ ስልት ቢፈረም ስሌቱ ራሱ እምብዛም አያሳፍርም፤ ጥበቃው የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እኛ በዙሪያው በምንሠራው ስህተት ነው።

ከሁሉ የከፋው ከኮዱ ጋር አብሮ በሚመጣው የናሙና ቁልፍ ፈርሞ ምርት ማውጣት ነው። ይህ ቁልፍ ለሙከራ ብቻ የተቀመጠ ስለሆነ የሚፈረምበት የግል ቁልፉ ኮዱን ላወረደ ሰው ሁሉ የተገለጠ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ማንም የፈረመውን ፈርምዌር እንደ ባለቤቱ አድርጎ ይቀበላል። የሚያሳስበኝ በሙከራ ወቅት ምንም ምልክት አለመታየቱ ነው፤ ፊርማው በትክክል ይረጋገጣል፣ መሣሪያውም ይነሣል። ኢምግቱል በተባለው ፕሮግራም የራስን ቁልፍ ማመንጨት፣ የግል ቁልፉን ከኮድ ማከማቻው ውጭ መጠበቅ፣ ቡትሎደሩንም ፊርማው ከሚመረመርበት አዲሱ ይፋዊ ቁልፍ ጋር እንደገና መገንባት ከምርት በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስህተት አዲስ ፈርምዌርን ቸኩሎ ማጽደቅ ነው። ሁለቱን የፍላሽ (ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት ማህደረ ትውስታ) ክፍሎች በሚያቀያይረው አሠራር አዲሱ ለሙከራ ሲነሣ የቀድሞው በሁለተኛው ክፍል ይቆያል፤ አዲሱ ራሱን ካላጸደቀ መሣሪያው በድጋሚ ሲነሣ ቀድሞው ይመለሳል። የማጽደቂያውን ትእዛዝ በሜን ፈንክሽን (ፕሮግራሙ በሚጀምርበት ክፍል) የመጀመሪያ መስመር ላይ የጻፈ ሰው ግን ይህን ዕድል በገዛ እጁ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ የኔትወርኩ ኮድ ቢበላሽ በርቀት ማስተካከያ መንገድ የለም። በእኔ እምነት ማጽደቅ የሚገባው መሣሪያው የማሻሻያ ሰርቨሩን አግኝቶ መነጋገር ከቻለ በኋላ ነው፤ ቀጣዩን ማሻሻያ መቀበል የሚችል መሣሪያ ሌላው ጉድለቱ ሁሉ ሊታረም ይችላልና። ዎችዶጉንም (ፕሮግራሙ ሲቆም መሣሪያውን ዳግም የሚያስነሣውን ሰዓት ቆጣሪ) ማብራት አይዘንጋ፤ ፈርምዌሩ ተንጠልጥሎ ቢቀር ዳግም የሚያስነሣው ከሌለ ወደ ቀድሞው መመለስም የለም።

የድሮ ፈርምዌርንም ማሰብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው የታወቀ አሮጌ ፈርምዌር ፊርማው ዛሬም ትክክለኛ ስለሆነ፣ ፊርማን ብቻ የሚያይ ቡትሎደር ይቀበለዋል። የደኅንነት ቆጣሪው (ከተመዘገበው ያነሰ ቁጥር የያዘ ፈርምዌርን የሚያስቀረው) በሃርድዌር ተደግፎ ካልሠራ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል አስተማማኝ ነገር አይኖርም።

በመጨረሻም የዲበግ በሩን፣ ማለትም ቺፑ በገመድ የሚፈተሽበትን መግቢያ፣ ክፍት መተው አለ። በዚህ በር በሚገናኝ የኤስደብሊውዲ ገመድ ፍላሹን መጻፍ የሚችል ሰው ከነይፋዊ ቁልፉ ቡትሎደሩን በራሱ ይተካዋል። በብዙዎቹ የኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለር ቺፖች ይህን በር የሚገድበው የንባብ ጥበቃ ከ0 እስከ 2 ደረጃ አለው፤ ደረጃ 2 አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም፣ ስለዚህ የርቀት ማሻሻያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይፈተን መዝጋት አይገባም።