የጄፍ ኩንስን የፊኛ ውሻ እንዴት እንየው?

ብዙ ሰው ከአሜሪካዊው ቀራፂ ጄፍ ኩንስ ሥራ ፊት ሲቆም ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ምኑ ነው ጥበብ?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ይህ ቅርጽ ጊዜ ለሰጠው ሰው ስለ ምኞት ብዙ ያሳያል፤ አንድን ነገር ለምን እንደምንፈልግ፣ ፍላጎቱ ከየት እንደሚነሳ፣ በቃኝ የምንለውስ መቼ እንደሆነ። እኔ የማይበትን መንገድ ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ረጅም ፊኛ ተጠማዝዞ የሚሠራውን ውሻ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ለልጆች ልደት የሚሠራውን። ኩንስ እሱን ወስዶ ከ3 ሜትር በላይ ቁመት ሰጠው። የተሠራው እንደ መስታወት እስኪያብረቀርቅ ከተወለወለ ስቴንለስ ስቲል ነው፤ ላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም አለው። «ሰለብሬሽን» (ክብረ በዓል) ከሚባለው ተከታታይ ሥራው አንዱ ነው። በ1994 ተጀምሮ እስከ 2000 ፈጅቷል። አምስት ናቸው፦ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይና ቢጫ።

ስታዩት ከሩቅ ጀምሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለጊዜው ተዉት። ልክ ዓይናችሁ እንዳረፈበት ሰውነታችሁ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ፤ እግራችሁ ወደ እሱ መሄድ ጀመረ? እጃችሁ ሊነካው ፈለገ? አብዛኛውን ጊዜ ሐሳብ ከመምጣቱ በፊት ፍላጎቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ኩንስም የሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ደማቁ ቀለም፣ አብረቅራቂው ገጽ፣ ክብ ክብ ያለው አካል፣ ሁሉም ዕቃ እንዲሸጥ ሲፈለግ የምናያቸው ናቸው። ሰውዬው ደግሞ ይህን በደንብ ያውቃል። በ1955 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዮርክ በምትባል ከተማ ሲወለድ አባቱ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱም ቆየት ብሎ ኒውዮርክ፣ የገንዘብ ገበያው ሰፈር ዎል ስትሪት ላይ በደላላነት ሠርቷል።

ከዚያ ቅረቡ። ቀስ ብላችሁ። የሆነ ቦታ ላይ ስትደርሱ ውሻውን ማየት ትተዋላችሁ፤ ራሳችሁን ነው የምታዩት። ደረቱ ላይ ትንሽዬ ሆናችሁ፣ እግሩ ላይ ረዝማችሁ፣ ጎኑ ላይ ተጣማችሁ። ስትንቀሳቀሱ ምስሉም ይንቀሳቀሳል። እዚህ ጋ ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የሳበኝ ውሻው ነው ወይስ እሱ ውስጥ ሆኜ የታየሁት እኔ? ለእኔ የሥራው እምብርት ይህ ነው። የምንመኘው ነገር እኛን አቅፎ ይይዘናል፣ ግን ወደ ውስጥ አያስገባም።

አሁን ዙሩት። አትቸኩሉ። አፍንጫው ላይ ያለችውን የፊኛ ቋጠሮ ፈልጉ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ጭምድድ ተመልከቱ፤ ትንፋሽ ብቻ የሞላው ይመስላል፣ መርፌ ቢነካው የሚፈነዳ። እውነተኛ ፊኛ በማግስቱ ይሟሽሻል። ይሄኛው ግን ለዘላለም እንደተነፋ ይኖራል፤ ግብዣው ሳያልቅ፣ እንግዳው ሳይበተን። ኩንስ ይህን ተከታታይ ሥራ በያዘበት ዘመን በትንሹ ልጁ አሳዳጊነት ጉዳይ ከእናቱ ጋር በሙግት ላይ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ የልደት ነገሮችን እንዲህ አግዝፎ፣ እንዳይጠፉ አድርጎ መሥራቱ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ ናፍቆትም አለበት።

ስትዞሩ ሌላም ነገር ታያላችሁ፣ እሱንም አትፈሩት። እብጠቶቹና ስንጥቆቹ የሰው ገላን ያስታውሳሉ። ይህን ማሰባችሁ ብልግና አይደለም። የልጅ ጉጉትና የአዋቂ ስሜት አንድ ቅርጽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲታዩ ትንሽ ሊረብሽ ይችላል። ይረብሽ።

አትንኩት፣ ይህ ግልጽ ነው። በየካቲት 2023 ማያሚ ውስጥ አንዲት ጎብኚ ትንሹን የሸክላ የፊኛ ውሻ ጥላው ተሰባብሯል፤ ዋጋው 42,000 ዶላር ነበር። መንካት መፈለጋችሁን ግን አትናቁት። ፍላጎቱ እዚያው እጃችሁ ላይ እንዳለ ይቆይ፤ መከልከሉም የምታዩት ነገር አካል ነው።

ዋጋውን መጨረሻ ላይ አስቡት። ብርቱካናማው በ2013 በክሪስቲስ ጨረታ 58.4 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሌላው ሥራው፣ «ራቢት» የተባለው ጥንቸል፣ ደግሞ በ2019 91.1 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በወቅቱ በሕይወት ካለ አርቲስት ሥራ በጨረታ ከፍተኛው ሆነ። ቁጥሩን ቀድማችሁ ከሰማችሁ ሌላው ሁሉ ይጠፋባችኋል። ተቺዎቹ ሥራው የሀብታሞች መጫወቻ ሆኗል ይላሉ፤ ኩንስ በራሱ እጅ እንደማይሠራውና ባለሙያዎች እንደሚሠሩለትም ያነሳሉ። የመጀመሪያው ክስ እውነት አለው ብዬ አምናለሁ። ስለ መመኘት የተሠራ ነገር ራሱ እንዲህ መመኘቱ ግን ሥራውን ባዶ አያደርገውም፤ እንደውም ጥያቄውን ያከብደዋል።

ዕድሉ ካላችሁ ጥንቸሉንም እዩት። በ1986 የተሠራ ነው፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ካሮት ይዟል። ዓይንም አፍም የለውም፤ ፊቱ መሆን ባለበት ቦታ የምታገኙት የራሳችሁን ፊት ነው። ከቀደሙት የፖፕ አርት (የዕለት ተዕለት ዕቃንና ማስታወቂያን ወደ ጥበብ ያመጣው እንቅስቃሴ) ሰዎች ደግሞ ክላስ ኦልደንበርግን አትለፉ። በ1962 ከሸራ የሠራው ግዙፍ በርገር ለስላሳ ነው፣ ወለሉ ላይ ተዘፍዝፎ ነው የሚቀመጠው። እሱን አይቶ ወደ ኩንስ መምጣት ጥሩ ነው፤ አንዱ ጋ ምኞት ጠግቦ ይወድቃል፣ ሌላው ጋ ተወጥሮ ይቀራል።

በአካል መሄድ ለማይችል ሰው፣ ከፎቶ ይልቅ ቅርጹን እየዞረ የተቀረጸ ቪዲዮ ይሻላል። ፎቶ መስታወቱን ይገድለዋል፣ ቀለም ብቻ ያስቀራል። ፎቶ ብቻ ካገኛችሁ ግን አጉልታችሁ ደረቱን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ፎቶ አንሺውን ካሜራው ዓይኑ ላይ እንደሆነ እዚያ ታገኙታላችሁ።