የሞዴሉን መልስ መስመር ያስያዘልኝ ትንሽ ላይብረሪ
የምሠራበት ፕሮግራም በቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ በሚያመነጭ ኤአይ) አማካይነት ከደንበኞች መልእክት ውስጥ የዕቃውን ስም፣ ብዛትና የመረከቢያ ቀን ያወጣል። ሞዴሉ በጄሰን (JSON፣ ፕሮግራሞች በቀላሉ የሚያነቡት የዳታ አጻጻፍ) እንዲመልስ ተነግሮታል። አንዳንዴ ንጹሕ ጄሰን ይመጣል፤ አንዳንዴ ግን «እነሆ መልሱ» የሚል ነገር ከፊት ይለጠፍበትና ፓርሰሩ (ጄሰኑን የሚያነበው ኮድ) ማንበብ አቅቶት ይቆማል። የብዛት ቦታው ላይም «ሦስት ያህል» ተብሎ ይገባል።

ፕሮምፕቱን (ለሞዴሉ የሚሰጠውን መመሪያ) ማስረዘም ብዙም አልረዳም። የረዳኝ በፓይዳንቲክ (የዳታን ዓይነትና ቅርጽ በሚፈትሽ የፓይተን ላይብረሪ) ላይ የተሠራች ትንሽ ላይብረሪ ናት። አስተሳሰቧን ወድጄዋለሁ፦ አዲስ ቋንቋ አታስተምርም፣ ፕሮምፕታችሁንም አትደብቅም። የምትፈልጉትን በተራ የፓይተን ክላስ ትጽፋላችሁ። እሷ ክላሱን ወደ ጄሰን ስኪማ (የመልሱን ቅርጽ ወደሚገልጽ መግለጫ) ቀይራ ለሞዴሉ ትልካለች፤ መልሱንም በዚያው ክላስ ትፈትሻለች። ብዛት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከተባለ «ሦስት ያህል» አያልፍም። የስህተቱ መልእክት ወደ ሞዴሉ ይመለሳል፣ እሱም ያርማል። ድግግሞሹን ግን ገድቡት፤ እያንዳንዱ ሙከራ ያስከፍላል።

ዋናው ነገር የቀኑ ጉዳይ ነበር። መልእክቱ ቀን ከሌለውና ቦታው ግዴታ ከሆነ ሞዴሉ ከየትም ፈጥሮ ይሞላል። ባዶ መሆን እንደሚችል በክላሱ ላይ ስጽፍ ፈጠራው በጣም ቀነሰ።

ስኪማ ቅርጽን እንጂ እውነትን አያረጋግጥም። ስለዚህ ቀኑ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የሚይዝ ቦታ ጨመርኩ። ጥቅሱ መልእክቱ ውስጥ ካልተገኘ ቫሊዴተሩ (መልሱን የሚፈትሸው ኮድ) መልሱን ይጥለዋል። ይህን ቦታ ከቀኑ በፊት አስቀምጡት፤ ሞዴሉ በቅደም ተከተል ስለሚጽፍ መጀመሪያ ማስረጃውን ያወጣል፣ ቀኑን ከዚያ ይሞላል።